አብዛኛው አሜሪካዊ እየተቃወመ ፖሊሲው ለምን አይለወጥም?

ጥያቄው የመጣው ቨርጂኒያ ከሚኖሩ አንባቢ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች አብዛኛው አሜሪካዊ አንድን ጦርነት ወይም አንድን የውጭ ፖሊሲ እንደሚቃወም በየጊዜው ይነግሩናል፤ መንግሥቱ ግን በያዘው መንገድ ይቀጥላል። ሕዝቡ የማይሰማ ከሆነ ድምፁ ምን ይፈይዳል? ደግሞም በአካባቢያችን ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር የአሜሪካን ሕዝብ ወደ አገራችን ጉዳይ ለመሳብ በአውቶቡሶችና በመንገድ ዳር ሰሌዳዎች ላይ ማስታወቂያ ሊያስለጥፍ ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። ሕዝቡን ካሳመንን ዋሽንግተን ፖሊሲዋን ትቀይራለች?»

ጥያቄው በሁለት ግምቶች ላይ የቆመ ሲሆን ሁለቱም መታረም አለባቸው። አንደኛው በጥናት የተገኘ የብዙኃን አስተያየት መንግሥትን ያዝዛል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ የአሜሪካ ሕዝብ አስተያየት የሚባል፣ ገንዘብ ከወጣበት ወዲህም ወዲያም ሊሳብ የሚችል ነገር አለ የሚለው ነው። በቅደም ተከተል እመለስባቸዋለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ በፌዴራል ደረጃ ሕዝበ ውሳኔ የሚባል ሥርዓት የለም። ሕዝቡ ስለ ውጭ ጉዳይ አስገዳጅ ቃል የሚናገርበት አጋጣሚ ምርጫ ብቻ ነው፤ ይኸውም ለፕሬዚዳንቱ በአራት ዓመት፣ ለሴናተሩ በስድስት ዓመት፣ ለተወካዮች ምክር ቤት አባል በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ነው። ጦርነት የማወጅና በጀት የመፍቀድ ሥልጣን የኮንግረስ ሲሆን ሠራዊቱን የሚያዝዘው ፕሬዚዳንቱ ነው። ኮንግረስ የፕሬዚዳንት ኒክሰንን ቬቶ ሽሮ በ1973 ያወጣው የጦርነት ሥልጣን ሕግ ፕሬዚዳንቱ ያለ ፈቃድ ጦሩን በውጊያ ላይ የሚያቆይበትን ጊዜ በ60 ቀናት ለመገደብ የሞከረ ቢሆንም፣ ከዚያ ወዲህ የመጡት ፕሬዚዳንቶች የሕጉን አስገዳጅነት በተለያየ መንገድ ሲከራከሩበት ኖረዋል። ስለዚህ የአስተያየት ጥናት ኃይል የሚያገኘው በአንድ በር በኩል ነው፤ እርሱም ፖለቲከኛው በሚቀጥለው ምርጫ ወንበሬን አጣለሁ ብሎ ሲሰጋ ነው። ስጋቱ ከሌለ ስልሳም ሆነ ሰባ በመቶ ከወረቀት አያልፍም።

የኢራቅ ጦርነት ይህን በግልጽ ያሳያል። በማርች 2003 ጦርነቱ ሲጀመር ከአሥር አሜሪካውያን ሰባት ያህሉ ደግፈውት ነበር። በ2004 አጋማሽ የአስተያየት ጥናት ድርጅቱ ጋሉፕ ሲጠይቅ ከግማሽ የሚበልጡት ወታደር መላኩ ስሕተት ነበር አሉ። በኖቬምበር 2006 ደግሞ መራጩ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ለዴሞክራቶች ሰጠ፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልእክት ማሰብ ይከብዳል። ከሁለት ወር ጥቂት ቀናት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2007፣ ፕሬዚዳንት ቡሽ ከ20 ሺሕ በላይ ተጨማሪ ወታደር ወደ ኢራቅ እንደሚልኩ አስታወቁ። ፕሬዚዳንቱ ዳግመኛ ለምርጫ የማይቀርቡ ስለነበሩ ከመራጩ የሚፈሩት ነገር አልነበረም። ዴሞክራቶቹ በእጃቸው የነበረው መሣሪያ በጀት ቢሆንም፣ ጦር ሜዳ ላይ ላለ ወታደር ገንዘብ ከለከሉ መባልን ፈሩ። ሕዝቡ ሳይሰማ የቀረ አይደለም፤ የሰሙት ሰዎች ግን ከሕዝቡ ቅሬታ የበለጠ የሚፈሩት ነገር ነበራቸው።

ቬትናምም ተመሳሳይ ነው፤ እዚያ ግን የአስተያየቱን ትክክለኛ ሥራ ጨምረን እናያለን። በኦገስት 1965 ጦርነቱ ስሕተት ነው ያሉት 24 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በኦገስት 1968 ከግማሽ በለጡ። የመጨረሻው የአሜሪካ ጦር ከቬትናም የወጣው ግን በማርች 1973 ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ብዙ ሺሕ ሰው አልቋል፤ ይህንን እንደ ቁጥር ብቻ አይተን ልናልፈው አይገባም። ሆኖም አስተያየቱ ከንቱ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በማርች 31 ቀን 1968 ዳግመኛ እንደማይወዳደሩ ተናገሩ። ኒክሰን ከ500 ሺሕ በላይ የነበረውን ጦር በየዓመቱ ለመቀነስ ተገደዱ፤ የግዳጅ ምልመላም በ1973 ቆመ። የሕዝብ አስተያየት ጦርነቱን ባያቆመውም፣ ጦር ጨምሮ የመቀጠሉን መንገድ ዘግቶታል። እኔ በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው፦ አስተያየት ለፖለቲከኛው አጥር ይሆንበታል። አጥሩ ወዴት መሄድ እንዳለበት አይነግረውም፤ የት ላይ ሊቆም እንደሚገደድ ግን ያሳየዋል።

አጥሩ በቶሎ የታየበት ጊዜም አለ። በኦገስት 2013 በሶርያ ደማስቆ አጠገብ የኬሚካል ጥቃት ከደረሰ በኋላ ፕሬዚዳንት ኦባማ የአየር ድብደባ ለማካሄድ አሰቡና በወሩ መጨረሻ ቀን የኮንግረስን ፈቃድ እንደሚጠይቁ አስታወቁ። የጥናቶቹ ውጤት በአብዛኛው ተቃውሞ ነበር። ከዚያ በላይ ያስጨነቀው ግን የምክር ቤት አባላት ጽሕፈት ቤቶች ስልክ ያለ እረፍት መጮኹ ነው። ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ፤ በሴፕቴምበር አጋማሽ ከሩሲያ ጋር የኬሚካል መሣሪያውን ለማስወገድ ስምምነት ተደረሰ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የብሪታንያ ፓርላማ ቀደም ብሎ አልሳተፍም ማለቱም፣ የሩሲያ ሐሳብ መምጣቱም የራሳቸው ድርሻ ስለነበራቸው ውጤቱን ለሕዝብ አስተያየት ብቻ መስጠት ስሕተት ነው።

በሶርያው ጊዜ ከጥናቱ ይልቅ ስልኩ የከበደበት ምክንያት የጥያቄዎ እምብርት ነው። ጥናት እያንዳንዱን ሰው እንደ አንድ ይቆጥራል። ፖለቲካ ግን የሚቆጥረው በዚያ ጉዳይ የተነሣ ድምፁን የሚሰጠውን ወይም የሚነፍገውን ነው። ጋሉፕ «አገሪቱ ያለባት ዋነኛ ችግር ምንድን ነው?» ብሎ በየጊዜው ሲጠይቅ፣ አገሪቱ ትልቅ ጦርነት ላይ ካልሆነች በስተቀር የውጭ ጉዳይን የሚጠቅሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ኑሮ፣ ሥራ፣ ስደተኛ፣ መንግሥት ይቀድማሉ። ቀዳማዊው ፕሬዚዳንት ቡሽ ኢራቅን ከኩዌት ባስወጡ ማግስት በ1991 መጀመሪያ 89 በመቶ ድጋፍ ነበራቸው፤ በኖቬምበር 1992 ግን ከ38 በመቶ ያነሰ ድምፅ አግኝተው ከሥልጣን ወረዱ። ሰዉ ስለ ጦርነቱ ሐሳቡን ሳይለውጥ ድምፁን የሰጠው በኤኮኖሚው ነበር።

የኩባ ማዕቀብ የዚሁ ተቃራኒ ገጽ ነው። ከቀዝቃዛው ጦርነት ማብቂያ ወዲህ በተደረጉ ብዙ ጥናቶች አብዛኛው አሜሪካዊ ከኩባ ጋር ግንኙነት እንዲታደስ ይፈልግ ነበር፤ በ1962 የተጣለው ማዕቀብ ግን በ1996 ጭራሽ በሕግ ተጠናከረ። አብዛኛው አሜሪካዊ ስለ ኩባ ሲጠየቅ ይመልሳል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ፍሎሪዳ የሚኖረው ከኩባ የተሰደደ ቤተሰብ ግን አይረሳም፤ ፍሎሪዳ ደግሞ በ2000 የፕሬዚዳንቱ ምርጫ በ537 ድምፅ የተወሰነባት ግዛት ናት። በአንድ ጉዳይ ላይ ልቡ የነደደ ጥቂት ሰው፣ በትክክለኛው ቦታ ከተቀመጠ፣ ግዴለሽ ከሆነ ብዙኃን ይበልጣል። ይህ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ አሠራሩ ግን ይኸው ነው።

«የአሜሪካ ሕዝብ» የሚለው ቃል ራሱም ይሸፍናል። ጋሉፕ እስራኤል በጋዛ የምትወስደውን ወታደራዊ ርምጃ ይደግፉ እንደሆነ ሲጠይቅ፣ በኖቬምበር 2023 ግማሹ ደግፎ 45 በመቶ ተቃውሞ ነበር። በጁላይ 2025 ደጋፊው 32፣ ተቃዋሚው 60 በመቶ ሆነ። ይህን ያነበበ ሰው ፖሊሲው በማግስቱ ይለወጣል ብሎ ይጠብቃል። በዚያው ጥናት ውስጥ ግን ከሪፐብሊካኖች 71 በመቶው፣ ከዴሞክራቶች 8 በመቶው ብቻ ይደግፉ ነበር። ሥልጣን ላይ ያለው ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት የሚያየው የራሱን መራጮች ነው፤ እነርሱ ደግሞ አብረውት ናቸው። በአንድ አማካይ ቁጥር ውስጥ ሁለት የማይገናኙ ሕዝቦች እየተደመሩ ስለሆነ፣ ጠቅላላ ውጤቱን ብቻ ይዞ «መንግሥት ሕዝቡን ናቀ» ማለት ነገሩን ያሳስታል።

ጥናቶቹን ራሳቸውን ማመን የሚቻለው ጥያቄው ሲነበብ ነው። በጃንዋሪ 2003 የፒው ጥናት ማእከል የሳዳም ሑሴንን አገዛዝ ለማብቃት በኢራቅ ላይ ወታደራዊ ርምጃ መውሰድን ይደግፉ እንደሆነ ሲጠይቅ 68 በመቶ ደገፉ። ይኸው ጥያቄ «በሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች ለጉዳት ቢዳረጉም እንኳ» የሚል ሐረግ ሲጨመርበት ደጋፊው 43 በመቶ፣ ተቃዋሚው 48 በመቶ ሆነ። ነገሩን ከቅርብ ይመልከቱት። አንዲት የኦሃዮ ነዋሪ ምሽት ላይ ሽንኩርት እየከተፈች ስልክ ይደወልላታል። ልጇ ከጎኗ የቤት ሥራ ይሠራል። ስለ ኢራቅ ያሰበችው ትናንት በዜና ያየችውን ያህል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ከቀረበላት ክፉ ገዥ ይታያታልና ትደግፋለች፤ ሁለተኛው ከቀረበላት የጎረቤቷ ወታደር ልጅ ይታያታልና ታመነታለች። ሁለቱም መልሶች የእርሷ ናቸው፤ አንዱም ውሸት አይደለም። መልሱን የወሰነው ግን ጥያቄውን የጻፈው ሰው ነው። የትኛው ቁጥር በዜና እንደሚወጣ የመረጠውም እርሷ አይደለችም።

የእውቀት ጉዳይም አለ። ለውጭ እርዳታ የሚወጣው የፌዴራሉ በጀት ለረጅም ጊዜ ከመቶ አንድ ገደማ ሆኖ ሲቆይ፣ የካይዘር ቤተሰብ ፋውንዴሽን ሲጠይቅ ሰዉ በአማካይ የገመተው ከበጀቱ ሩብ ያህል ነበር። ትክክለኛው አኃዝ ሲነገራቸው እርዳታው በዝቷል የሚሉት በግማሽ ገደማ ይቀንሳሉ። በ2014 ሩሲያ ክሪሚያን ከያዘች በኋላ 2,066 አሜሪካውያን ዩክሬንን በካርታ ላይ እንዲያመለክቱ ተጠይቀው ከስድስት አንዱ ብቻ አገኛት፤ ግምቱ ከእውነተኛው ቦታ ይበልጥ በራቀ መጠን አሜሪካ በጦር ኃይል ጣልቃ ትግባ የማለት ዝንባሌውም ይበልጥ ነበር። ይህን የማነሣው አሜሪካውያንን ለመንቀፍ አይደለም፤ የትኛውም ሕዝብ ከደጁ ስለራቀ ጉዳይ ሲጠየቅ እንዲሁ ነው። አንድ ሺሕ ሰው የተጠየቀበት ጥናት ወደ ላይም ወደ ታችም ሦስት ነጥብ ያህል ሊዛነፍ እንደሚችል፣ በውስጡ የተቆረጡ ትንንሽ ቡድኖች ደግሞ ከዚያ የበለጠ እንደሚዛነፉም አይዘንጉ።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ። ስለ ኢትዮጵያ የጠነከረ አስተያየት ያለው አጠቃላይ የአሜሪካ ሕዝብ የለም። ሲጠየቅ የሚመልሰው በዚያው ቅጽበት የሚሠራውን መልስ ነው። በአውቶቡስ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ያንን መልስ ለአንድ ሳምንት ሊያዘነብለው ይችል ይሆናል፤ ድምፅ የሚያስቀይር አስተያየት ግን አይፈጥርም። የአሜሪካ ሕዝብ ስለ ኢትዮጵያ በእርግጥ የተነሣበት አንድ ጊዜ አለ። በኦክቶበር 1984 ከኮረም የተቀረጸው የረሃቡ ምስል በቴሌቪዥን ሲታይ ልጆች ሳይቀሩ ገንዘብ አዋጡ፤ የሬገን መንግሥትም ደርግ የሞስኮ ወዳጅ ሆኖ ሳለ የምግብ እርዳታውን በብዙ እጥፍ አሳደገ። እዚያ ላይ የተጠየቀው እህል ነው፤ ወታደር አይሞትበትም፤ በአሜሪካ ውስጥ አጥብቆ የሚቃወመው ወገን አልነበረም። ዛሬ ማኅበራት የሚያነሷቸው ጉዳዮች፣ ማዕቀብ ይሁን አጎዋ (ከቀረጥ ነጻ ወደ አሜሪካ ገበያ የመግባት ዕድል) ወይም የዓባይ ውኃ፣ እነዚህ ሦስት ሁኔታዎች የሉባቸውም።

ለእናንተ የሚቀርበው ምሳሌ ደቡብ አፍሪካ ነው። ኮንግረስ በ1986 በአፓርታይድ መንግሥት ላይ ማዕቀብ የጣለው የሬገንን ቬቶ በሴኔት 78 ለ21፣ በተወካዮች ምክር ቤት 313 ለ83 ሽሮ ነው። ከዚያ በፊት ከኖቬምበር 1984 ጀምሮ በዋሽንግተን የደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ በር ላይ ሰዎች ለመታሰር እየተሰለፉ፣ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ገንዘባቸውን ከዚያ አገር እንዲያወጡ እየወተወቱ፣ አብያተ ክርስቲያናትና የከተማ ምክር ቤቶች በየአካባቢያቸው ውሳኔ እያሳለፉ ቆይተዋል። ከዚያም ቀደም ብሎ የዓመታት ሥራ ነበረበት። የሪፐብሊካን ሴናተሮች ከራሳቸው ፕሬዚዳንት የተለዩት በየግዛታቸው ፊታቸውን የሚያውቋቸው ሰዎች ስለጠየቋቸው ነው።

ከራሳችን ታሪክም ልከኛ ትምህርት አለ። በኤፕሪል 2018 የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት ያሳለፈው ኤችአር 128 የተባለው የውሳኔ ሐሳብ ከየምርጫ ክልሉ በተደረገ የኢትዮጵያውያን ጉትጎታ የተደገፈ ነበር፤ ሆኖም አስገዳጅ ሕግ አልነበረም። በአንጻሩ በ2021 መጨረሻ በብዙ ከተሞች ሰፊ ሰልፍ ተደርጎ ሳለ ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ወጣች፤ ውሳኔው የፕሬዚዳንቱ ነበርና በሰልፉ ብዛት የሚያስፈራው ነገር አልነበረም። በዚያው ወቅት የቀረቡት ኤችአር 6600 እና ኤስ 3199 የተባሉ የማዕቀብ ረቂቆች ሕግ ሳይሆኑ ቀሩ። ይህን ለሰልፉ ብቻ መስጠት ግን አያስኬድም፤ በአንድ የሁለት ዓመት የኮንግረስ ዘመን ከአሥር ሺሕ በላይ ረቂቅ ቀርቦ ሕግ የሚሆነው ጥቂት መቶ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ፤ በዚያ ዘመን አንድ ጽሕፈት ቤት በጠዋት ማዕቀቡን አንሡ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አጥብቁ የሚሉ ኢትዮጵያውያንን ይሰማ ነበር። ከአንድ ማኅበረሰብ ሁለት ተቃራኒ ጥያቄ የሚደርሰው እንደራሴ ብዙ ጊዜ ምንም አለማድረግን ይመርጣል።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ ማስታወቂያውን ተዉት፤ የራሳችሁን አስተያየት ጥናትም አታስጠኑ። በዚያ ገንዘብ አንድ ሰው ለአንድ ዓመት በግማሽ ቀን ሥራ ቅጠሩና የአባላታችሁን ስም በዚፕ ኮድ (በመኖሪያ አካባቢ የፖስታ ቁጥር) እና በምርጫ ክልል እንዲለይ አድርጉ። አንድ የምክር ቤት አባል ጽሕፈት ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ይረዳዋል። የሚቀበላችሁ ብዙ ጊዜ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ሠራተኛ ነው፤ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው ዚፕ ኮዳችሁን ነው። ከክልሉ ውጭ ከሆናችሁ በትሕትና ያዳምጣችኋል፤ ማስታወሻው ላይ ግን ብዙም አይጽፍም። የክልሉ ነዋሪ ስትሆኑ ጉዳዩን፣ አቋማችሁንና ምን እንደጠየቃችሁ ይመዘግባል። የጠየቃችሁት «ኢትዮጵያን እርዱ» ከሆነ የሚመዘግበው ነገር የለም። «በዚህ ቁጥር ረቂቅ ላይ ፈርሙ» ወይም «በዚህ የበጀት መስመር ላይ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ደብዳቤ ጻፉ» ከሆነ ግን መልስ ለማምጣት ይገደዳል። ቅድሚያ የሚሰጠው በውጭ ጉዳይና በበጀት ኮሚቴዎች ውስጥ ላሉት ነው። ኮንግረስ በኦገስት እረፍት ሲወጣ አባላቱ በየክልላቸው ስለሚገኙ፣ ያኔ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ አዳራሽ የሚደረግ የሃምሳ መራጮች ስብሰባ በኮንግረሱ ሕንፃ በካፒቶል ፊት ከሚደረግ የአምስት ሺሕ ሰው ሰልፍ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ጥንቃቄዎቹ አራት ናቸው። በዋሽንግተን ከተማ ውስጥ የሚኖሩ አባሎቻችሁ ሴናተር የላቸውም፤ ተወካያቸውም በምክር ቤቱ ሙሉ ጉባኤ በረቂቆች ላይ ድምፅ አትሰጥም፤ ስለዚህ ሥራው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ነዋሪዎች ላይ መመሥረት አለበት። ማኅበራችሁ ከግብር ነጻ የሆነ በጎ አድራጎት ድርጅት ከሆነ ለእጩ መቀስቀስ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ስለ ረቂቅ ሕግ መወትወትም የተወሰነ ልክ አለው። ግሪን ካርድ የሌለው የውጭ ዜጋ ለምርጫ ዘመቻ ገንዘብ መስጠት አይችልም፤ ግሪን ካርድ ያለው መስጠት ይችላል፣ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ግን አይሰጥም። ከሁሉም የከበደው ደግሞ ከማንኛውም የውጭ መንግሥት ወይም የውጭ የፖለቲካ ድርጅት ገንዘብ ወይም መመሪያ ተቀብሎ ዋሽንግተንን ማግባባት ነው፤ ይህን የሚያደርግ በ1938ቱ የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ መሠረት በፍትሕ ሚኒስቴር መመዝገብ ግዴታው ነው፤ እያወቁ አለመመዝገብ በእስር ያስቀጣል። የተሰበሰበው ገንዘብ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እነዚህን ነጥቦች አንድ የሕግ ባለሙያ ይያቸው፤ ዝርዝሩ ተሠርቶ በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ሁለት መቶ የተመዘገቡ መራጮች ካልሞላችሁ ደግሞ ለብቻችሁ አትጀምሩ፤ በዚያው ክልል ካለ ሌላ ማኅበር ጋር በአንድ ጥያቄ ላይ ተስማምታችሁ አብራችሁ ግቡ።